ያልታዘዘ እግር

ረቂቅ ሽንኩርት አትልጥም። ልብስ አታጥብም፣ ትኩስ ብርጭቆ አትይዝም፣ በር ሲዘጋ ደግሞ እጇን ቶሎ ከኋላዋ ትደብቃለች። የምትተኛው ጓንት አድርጋ ነው፤ ጓንቱ ውስጥ ቅባት አለ፣ ቅባቱን የሚሰጣት የምትሠራበት ጣቢያ ነው። እናቷ መጀመሪያ ሰሞን ትቀልድባት ነበር። "ንግሥት ሆይ፣ ቁርስዎ ቀርቧል" እያለች ዳቦውን ሳይቀር ቆርሳ ፊቷ ታስቀምጥላታለች። አሁን ቀልዱ ቀርቷል፣ ዳቦው ግን እንደተቆረሰ ነው የሚመጣው። ድሬዳዋ ውስጥ እጅ ያለበት ቤት ሁሉ እንዲህ ነው የሚኖረው።

እጅ የሥራዋ ስም ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ሁሉ ዓይኑን ይሸፈንና ወረቀት ስር የተቀመጠች አንዲት የፀጉር ዘለላ በጣቱ እንዲፈልግ ይደረጋል። ካገኛት አንድ ወረቀት ይጨመርበታል። ብዙው ልጅ ሦስተኛው ወረቀት ላይ ይጠፋበትና ወደ ሌላ ሥራ ይላካል። ረቂቅ ግን ወረቀቱ እየወፈረ ሲሄድም አላጣችውም። ጭራሽ "ይሄኛው የሰው አይደለም፣ የፍየል ነው" አለቻቸው። ፈታኞቹ ተያዩ። በሳምንቱ ለገሃሬ ያለው፣ የታመመ ጉልበት የሚመረመርበት ጣቢያ ተመደበች።

ጣቢያው ውስጥ ሣጥን አለ። ሣጥኑ እግርን ዋጥ ያደርግና ሰውየው ትንፋሹን ሳይጨርስ መልሶ ይተፋዋል፤ ውጤቱ ያኔውኑ ታውቋል። እጅ የምትፈለገው ከዚያ በኋላ ነው። ሕጉ የሰው እጅ ሳይነካው በሰው አካል ላይ ፍርድ አይሰጥም ይላል። ሕጉ የወጣው ድሮ ሰው ሣጥኑን አላምንም ብሎ ያስቸገረ ጊዜ ነው አሉ፣ ረቂቅ ያኔ አልተወለደችም። እና በሽተኛው ከመጋረጃ ጀርባ ይጋደማል። መጋረጃው ላይ ቀዳዳ አለ፣ በቀዳዳው ምርመራ የታዘዘለት እግር ብቻ ይወጣል። ሌላኛው እግር በአረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልሎ ማዶ ይቀራል። ግድግዳው ላይ በትልቁ "ያልታዘዘ እግር አይነካም" ይላል። አንድ ሰውዬ በአንድ ወቅት ደህናውን እግሬን ለምን ነካችሁብኝ ብሎ ከሶ ነበር ይባላል። ከዚያ ወዲህ ደህና እግር ነክታ የምታውቅ እጅ የለችም።

ረቂቅ ጉልበቱን አጠፍ አድርጋ በአንድ እጇ ጭኑን ትይዛለች፣ በሌላው ቅልጥሙን ወደ ራሷ ሳብ ታደርጋለች። ከዚያ ጉልበቱን በደንብ ታጥፈውና የእግሩ ጣቶች ላይ በስሱ ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ትስባለች፤ ይሄኛውን መሳቢያ ይሉታል፣ የጠረጴዛ መሳቢያ እንደ መክፈት ስለሆነ። መጨረሻ ላይ ግራና ቀኝ ገፋ ገፋ። ይሄን ሁሉ ስታደርግ ጆሮዋ ውስጥ የተሰካችው ማዳመጫ ሣጥኑ ያለውን ቀድማ ሹክ ብላታለች። "ደህና" ካለቻት ረቂቅ ድምጿን ከፍ አድርጋ "እጄ ነክቶታል፣ ደህና ነው" ትላለች። "የተበጠሰ" ካለቻትም እንደዚያው። ከዚያ በቀኝ እግሯ ስር ያለውን ፔዳል ትረግጣለች፣ አለቀ። ሰው የሚያመሰግነው ግን እሷን ነው። ሣጥኑን ያመሰገነ ሰው አይታ አታውቅም። እጇን የሚስሙ እናቶች አሉ፣ ዘይቱና በፌስታል የሚያመጡላትም አሉ።

በግራ እግሯ ስርም ፔዳል አለ። እሱ "አልስማማም" ማለት ነው። አቧራ ጠጥቷል።

ሌሎቹ እጆች ሲሠሩ ዝም ነው የሚሉት። ረቂቅ ታወራለች። የፈራ ሰው ጭኑን ያጠነክራል፤ ጭን ከጠነከረ ደግሞ ጅማቱ ተበጥሶ እንኳን ጉልበቱ ንቅንቅ አይልም፣ በሩን ሰው ከውስጥ ደግፎ እንደያዘው ማለት ነው። ይሄን ስልጠና ላይ ነግረዋታል። ስለዚህ ስለ ጎረቤት ፍየል፣ ስለ ታናሽ ወንድሟ ጥርስ፣ ስለ ሙቀቱ ታወራለች። ሰውየው እሷን ሲሰማ ጭኑን ይረሳዋል፣ እግሩ እጇ ላይ እንደተኛ ሕፃን ከበድ ይላል። ከቀኑ ውስጥ የምትወደው ያቺን ቅጽበት ነው። ያኔ ትስባለች፣ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በጣቷ በኩል ይመጣል። ምን እንደተሰማት ግን ጠይቋት የሚያውቅ የለም።

ሐሙስ ጠዋት ሂቦ መጣች።

ሂቦ ለከተማው የሴቶች እግር ኳስ ቡድን በቀኝ ክንፍ ነው የምትጫወተው። ከረቂቅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማሩት። በቅርቡ ልምምድ ላይ አንዷ ተከላካይ ተንሸራታ መጥታ ቅልጥሟን ከፊት ለፊት መታቻት። ጉልበቷ ትንሽ አበጠ፣ ከዚያ እብጠቱ ጎደለ፣ አሁን ትሮጣለች። ቅዳሜ የብሔራዊ ቡድን መረጣ ነው። የተጋባዦቹ ስም የሚዘጋው ዛሬ የጥላ ጥሪው ሲጮህ ነው፤ የጥላ ጥሪ እኩለ ቀን ላይ ሰው ሁሉ ከፀሐይ ሸሽቶ ጣሪያ ስር እንዲገባ የሚያዘው ሳይረን ነው። ከዚያ በፊት እጅ ያልነካው ጉልበት ቅዳሜ ሜዳ አይገባም።

"ማነሽ አንቺ፣ እጅ ሆነች አሉኝ" አለች ሂቦ ከመጋረጃው ማዶ።

"ሆንኩ። እግርሽን አውጪ።"

"ሰላምታም የለ? አቦ፣ ባዮሎጂ ከኔ ስትገለብጪ እንዲህ አትኮሪም ነበር።"

"የገለበጥኩት ሁሉ ኤክስ ሆኖ ነው የመጣው።"

"እኔም እኮ ከአብዲ ነው የገለበጥኩት" አለች ሂቦ፣ ቀኝ እግሯን በቀዳዳው እያሾለከች።

የቡድኑ ሰው ኪሩቤል በሩ ጋ ቆሟል። ተጫዋች ይዞ የሚመጣው ሁልጊዜ እሱ ነው፣ ወንበር ቢሰጡትም አይቀመጥም። "ቶሎ እንበል" አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሣጥኑ እግሩን ዋጠው፣ ተፋው። ረቂቅ ጆሮ ውስጥ "ደህና" ተባለ።

የሂቦ ጭን እንደ ድንጋይ ነበር። ረቂቅ መምህር ያብስራ አሁንም ያቺን ቢጫ ሱሪ ይለብስ እንደሆነ ጠየቀቻት። ሂቦ ይለብሳል አለች፣ እንዲያውም አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ሲንጠራራ ከኋላው ተተርትሮበት እስከ ደወል ድረስ ግድግዳ ተደግፎ አስተማረ አለች። ማን እንዳየው፣ ማን እንደሳቀ፣ ማን ከክፍል እንደተባረረ ሁሉ ነገረቻት። ወሬው ሲደራ ጭኗ ለቀቀ። ረቂቅ ሳብ አደረገች።

ቅልጥሙ መጣ።

በስሱ አይደለም የመጣው። ረቂቅ ምንም እንዳልተፈጠረ ወሬዋን ቀጥላ ጉልበቱን በደንብ አጠፈችው፣ ጣቶቹ ላይ ቁጭ አለችና መሳቢያውን ሳበች። አሁንም መጣ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል። መልሳ ሳበችው።

"ደህና" አለች ጆሮዋ ውስጥ ያለችው።

"ምንድነው የምትደጋግሚው?" አለች ሂቦ።

"ምንም። ከዚያ ማን ተባረረ አልሽኝ?"

"ደህና። ደህና" አለች ጆሮዋ ውስጥ ያለችው፤ እጅ ከዘገየች ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። ረቂቅ በግራ እግሯ ፔዳሉን ረገጠችው። ስለደረቀ አልወረደላትም፣ ሁለቴ መርገጥ ነበረባት።

ጣሪያው ላይ ያለው መብራት ቢጫ ሆነ። "እጅ አልተስማማችም" አለ ሣጥኑ፣ በለስላሳ ድምፅ። "ሁለተኛ እጅ ተጠርታለች። እባክዎ ባሉበት ይቆዩ።"

ሂቦ መጋረጃውን ገፍታ ብቅ አለች። "ምን አደረግሽ?"

"ፔዳል ረገጥኩ።"

"የቱን?"

"ግራውን።"

"በስህተት?"

"አይደለም። ጅማትሽ ተበጥሷል መሰለኝ ሂቦ። የፊተኛው።"

ሂቦ አየቻት። ከዚያ ኪሩቤልን አየችው። "ትናንት እኮ ሜዳውን ስዞር ነው የዋልኩት" አለች። "አያመኝም። አያመኝም እያልኩሽ ነው።"

ኪሩቤል አልተቆጣም። እሱ የሚቆጣ ሰው አይደለም። "እህቴ፣ ሣጥኑ ደህና ነው ብሏል። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ ነው የምፈራው" አላት። "ሁለተኛዋ እጅ ከሣጥኑ ጋር ከተስማማች ያንቺ እጅ ስህተተኛ ተብሎ ይሰረዛል። የታመመ ሰው ዳግም አትነኪም። ታውቂያለሽ አይደል?"

"አውቃለሁ።"

"በሥራ ብቻ አይደለም፣ መንገድ ላይም ቢሆን።"

"አውቃለሁ አልኩ እኮ።"

ሁለተኛ እጅ ለምሥራቁ በሙሉ ያለችው አንዲት ናት። ዶክተር ሶልያና ይባላሉ። ስማቸው የድሮ ሰው ስም ነው፤ በእሳቸው ዘመን በየክፍሉ ሁለት ሦስት ሶልያና አይጠፋም ነበር አሉ። ሣጥኑ ሳይመጣ በፊት በገዛ እጃቸው ጉልበት ከፍተው የሚሰፉ ሐኪም ነበሩ። ከከዚራ ሰፈር ሰው አልባ ባጃጅ አመጣቻቸው፤ ዣንጥላቸውን እያጠፉ ሲገቡ የሚያወሩት ስለ ባጃጇ ነበር።

"እንዴት አደሩ ትላለች እንጂ ጉድጓድ አታይም። ወገቤን ጨረሰችው። የቷ ናት ግራውን የረገጠች?"

"እኔ ነኝ።"

"ጎሽ። ከተጠራሁ ስንት ጊዜዬ። ረስታችሁኝ ነበር እኮ።" ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ምን አገኘሽ?"

"የፊት ጅማቷ ተበጥሷል።"

"በምን አወቅሽ?"

"ስስበው ይመጣል።"

"ከየት ነው የሚመጣው?"

ረቂቅ ጥያቄው አልገባትም። "ከ… ከቦታው ነዋ።"

"መጨረሻ ላይስ? እርጥብ ስፖንጅ የነካሽ ያህል ነው ወይስ ገታ ያደርግሻል?"

ረቂቅ ዓይኗን ጨፈነች። ጣቷ ላይ ያለውን አስታወሰች። "ገታ ያደርጋል" አለች ቀስ ብላ። "የፍየል ገመድ ጫፉ ላይ ሲደርስ እንደሚያደርገው።"

"እንግዲህ ገመዱ አለ ማለት ነው። የተበጠሰ ገመድ ማንን ይገታል?"

ኪሩቤል በሩ ጋ ቀና ብሎ ቆመ።

"ገና ነው" አሉት ዶክተሯ ሳያዩት። "ሌላኛው እግሯ የታለ?"

"አልታዘዘም" አለች ረቂቅ።

"አልታዘዘም?" ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበቡና ወደ ሂቦ ዞሩ። "የኔ ልጅ፣ እግርሽ የራስሽ ነው። ራስሽ ፍቺውና ሁለቱንም ጉልበትሽን አጥፈሽ ተኚ።"

ሂቦ ኪሩቤልን አየችው። ኪሩቤል ትከሻውን ነቀነቀ። አረንጓዴውን ጨርቅ ፈታችና ሁለቱንም ጉልበቷን አጥፋ ተጋደመች። ዶክተር ሶልያና ጎንበስ ብለው አገጫቸውን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳረፉ፣ ረቂቅንም በእጃቸው ጎትተው አጠገባቸው አንበረከኳት። ሁለቱ አልጋ ስር የጠፋ ነገር የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

"ከጎን እይው" አሏት። "ዝም ብለሽ እይው።"

ረቂቅ አየች። ግራው ላይ ከጉልበቱ ሎሚ በታች አጥንቱ ወጣ ብሎ ደረጃ ሠርቷል፣ ከዚያ ቅልጥሙ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቀኙ ላይ ደረጃው የለም። ቅልጥሙ ወደ ኋላ ሰምጧል፣ ሰው የተነሳበት ፍራሽ መስሏል። ሁለቱ እግሮች የአንድ ሰው አይመስሉም ነበር። ረቂቅ ስንት ጉልበት ነክታለች፣ ሁለት ጉልበት ጎን ለጎን ስታይ ግን ይሄ የመጀመሪያዋ ነው።

"ወደ ፊት የወጣ መስሎሽ ነው" አሉ ዶክተሯ። "ያመጣሽው ግን ወደ ቦታው ነው። ከቦታው ጠፍቶ ነበር። የተበጠሰው የኋላው ጅማት ነው።"

"ታዲያ ሣጥኑ ለምን ደህና አለ?"

"ምን ብላችሁ ጠየቃችሁት?"

ረቂቅ ስክሪኑን አነበበች። "የፊት ጅማት፣ ቀኝ ጉልበት።"

"በቃ፣ ትክክል መለሰ።"

ሁሉም ኪሩቤልን አዩት። "ሁሌ የምንጠይቀው እሱን ነው" አለ። "ተጫዋች የሚጥለው እሱ ነዋ። እንደ ቡድን አንድ ጥያቄ ነው የሚፈቀድልን።" እውነቱን ነበር። ሣጥኑ ያልተጠየቀውን አይመልስም። ድሮ ይመልስ ነበር አሉ፣ ያኔ ከተማው በሙሉ በሽተኛ ሆኖ ሥራ የሚገባ ሰው ጠፋ።

ዶክተር ሶልያና ወንበሩ ላይ ተመልሰው ጉልበታቸውን አሻሹ። "ስሙኝ ልጆች። እኔ የምመልሰው እዚያ ላይ የተጻፈውን ነው። የፊት ጅማት ተበጥሷል ወይ? አልተበጠሰም። ተበጥሷል ብዬ ብዋሽ ነገ ጠዋት የሚሰፋው ማሽን ደህናውን ጅማት ቆርጦ ሌላ ይሰፋበታል። እሱን አላደርገውም።"

"እና?" አለች ሂቦ።

"አዲስ ጥያቄ መክፈት የምትችይው አንቺ ብቻ ነሽ። ያመኛል ካልሽው ሣጥኑ ይከፍታል፣ ጉልበቱን በሙሉ ያያል። ያኔ ይቺ ልጅም ምክንያት ነበራት ይባላል፣ እጇ አይሰረዝም። መልሱ እስኪመጣ ግን ስምሽ ከዝርዝሩ ይወጣል። ቅዳሜ ያልፍሻል።"

"ባልልስ?"

"ደህና ነሽ፣ ትጫወቻለሽ። የኋላ ጅማት ሳይኖራቸው የሚጫወቱ ሞልተዋል፣ አልዋሽሽም። ነገር ግን አሁን ታስሮ ካረፈ ጅማቱ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ይይዛል። ቅዳሜ ከተሮጠበት ላይይዝ ይችላል። እንዲህ እንደ ሰመጠ ይቀራል። ቁልቁለት ያስቸግርሻል፣ ሮጠሽ ቆም ማለት ያስቸግርሻል። ከሠላሳ ዓመትሽ በኋላ ደግሞ…"

"ከሠላሳ በኋላ ማን ይኖራል" አለች ሂቦ።

ዶክተር ሶልያና ሳቁ። "እኔ አለሁ።"

ሂቦ አልሳቀችም። ተነስታ ተቀመጠችና ረቂቅን አየቻት። "አሁን ገባኝ። እኔ ያመኛል ካልኩ እጅሽ ይተርፍልሻል። አይደል? የኔ ቅዳሜ ባንቺ እጅ ሊለወጥ።"

"እንደዚያ አይደለም።"

"እንዴት አይደለም? እንደዚያ ነው እንጂ። አሁን እኮ ሲሉ ሰማሽ። እኔ ብሆንም እንደዚያ ነበር የማደርገው፣ አልፈርድብሽም። ግን አታታልዪኝ።"

የጣቢያው መስኮት ላይ ያለው ጥላ እያጠረ ነው፣ ስክሪኑ ላይ የሂቦ ስም በቢጫ ብልጭ ድርግም ይላል። ሂቦ ያለችው ደግሞ ልክ ነበር። ከዚህ በኋላ ረቂቅ የምትናገረው ሁሉ፣ እውነትም ቢሆን፣ ለእጇ ብላ የተናገረችው ይመስላል። እጆቿን ጭኗ ላይ አየቻቸው። ለስላሳ ናቸው፣ ጥፍሩን ሳምንት በሳምንት ማሽን ነው የሚቆርጠው። ሰው እግሩን ሲጥልባቸው ያለው ክብደት ትዝ አላት። ነገ ጠዋት የት እንደምትሄድ ለማሰብ ሞከረች፣ ምንም አልመጣላትም።

ወደ ሣጥኑ ዞረች። "ረቂቅ ነኝ፣ የመጀመሪያዋ እጅ" አለች። "ተሳስቻለሁ። የፊት ጅማቱ ደህና ነው።"

"አንቺ ልጅ" አሉ ዶክተሯ።

"ስህተትዎን ያረጋግጣሉ?" አለ ሣጥኑ።

"አረጋግጣለሁ።"

ጆሮዋ ውስጥ ያለችው "ስላገለገሉን እናመሰግናለን" ብላ ጠፋች። መብራቱ ነጭ ሆነ። ኪሩቤል ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ረቂቅ ከተንበረከከችበት ተነስታ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆመች፣ ከአሁን በኋላ አልጋው አጠገብ መሆን አይፈቀድላትም። "አለቀ" አለች። "አሁን ብትይም ባትይም እኔ ምንም አላተርፍም። ትሰሚኛለሽ?"

ሂቦ አፏን ከፈት አድርጋ ነበር የምታያት። "አብደሻል እንዴ?"

"አውራ ጣትሽን ግራ ጉልበትሽ ላይ አድርጊ። እንደ ቅድሙ አጥፊው። ከሎሚው ጎን ጀምረሽ ወደ ታች ልቀቂው፣ አጥንት እስኪያቆምሽ።"

ሂቦ ዶክተሯን አየች። እሳቸው ጣሪያውን ነበር የሚያዩት። አውራ ጣቷን አስቀመጠችና ወደ ታች ለቀቀችው።

"አቆመሽ?"

"አቆመኝ። እዚህ ጋ ደረጃ አለው።"

"አሁን ቀኙ ላይ።"

ሂቦ ቀኙ ላይ አደረገች። አውራ ጣቷ ወረደ። አልቆመም። መለሰችው፣ አሁንም ወረደ። ወደ ግራው ሄደች፣ አቆማት፤ ወደ ቀኙ መጣች፣ አላቆማትም። የራሷን ጉልበት እንዲህ ነክታ አታውቅም፣ ማንም አይነካም፣ ለዚያ ሣጥን አለ።

"ኪሩ" አለች በመጨረሻ፣ ቀና ሳትል። "ቅዳሜ ብመረጥና ከዚያ ጉልበቴ ባይሆን፣ ምን ትሉኛላችሁ?"

ኪሩቤል አሰበበት። "ፊት ለፊት ልንገርሽ ሂቦዬ? ሌላ የቀኝ ክንፍ እንፈልጋለን።"

"እሺ። ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ።"

"አሁን ግን ሌላ የለንም" አለ፣ ቶሎ ብሎ።

ሂቦ ወደ ሣጥኑ ዞረች። "ምን ልበለው?" ብላ ዶክተሯን ጠየቀች። "አያመኝም እኮ። እውነት አያመኝም። ጉልበቴ ቦታው ላይ አይደለም ልበለው?"

"እሱን አይሰማሽም። የሚሰማው አንድ ቃል ነው።"

"ያመኛል" አለችው ሂቦ።

"እናዝናለን" አለ ሣጥኑ። "ከአንድ እስከ አሥር ስንት ያምዎታል?"

ሂቦ ስንት እንደምትል አላወቀችም። ረቂቅን አየቻት፤ ቁጥሩን መንገር የሚፈቀደው ግን ለበሽተኛው ብቻ ነው። "ስድስት" አለች ሂቦ። ስክሪኑ ላይ ስሟ አንዴ ደመቀ፣ ከዚያ ከስሯ ያለችው ልጅ ስም ወደ ላይ ተነስቶ ቦታውን ያዘ። ባዶ ቦታ እንኳን አልቀረም። ኪሩቤል ስልኩን አውጥቶ እያወራ ወጣ። ከበሩ ሲወጣ ዞር ብሎ ሊሰናበታቸው እጁን አነሳ፣ ስልኩ ላይ የጠየቀው ሰው መልስ ሲሰጠው መልሶ አወረደው።

"የሷስ?" አለች ሂቦ። "አዲስ ጥያቄ ከተከፈተ እጇ አይሰረዝም አላሉም?"

"ተሳስቻለሁ ባትል ኖሮ" አሉ ዶክተር ሶልያና። ዣንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ተነሱ። ረቂቅ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። "ከየት እንደሚመጣ ሳታዪ አትሳቢ። አሁን ለምን እንደምነግርሽ አላውቅም እንጂ።" ከዚያ ባጃጇ ውጭ እንዴት አረፈዱ ስትላቸው ተሰማ።

የጥላ ጥሪው ጮኸ። ለገሃሬ ላይ ሱቆቹ መጋረጃቸውን እየጣሉ ነው፣ አስፋልቱ ላይ ሰው የለም። ሂቦ ጉልበቷ ላይ ጣቢያው የሰጣትን ማሰሪያ አድርጋ እያነከሰች ወጣች። ማሰሪያው ነው ያስነከሳት፣ ስትገባ አታነክስም ነበር። ጣቢያው በር ላይ ጣሪያ ወዳለው መተላለፊያ የሚወርድ ደረጃ አለ። ሂቦ ጫፉ ላይ ቆመች። ጠዋት ሮጣ የወጣችው ነው።

"ያዢኝ" አለች።

"አልችልም። እጄ ተሰርዟል፣ አንቺ ደግሞ ያመኛል ብለሻል።" ረቂቅ በአገጯ በሩ ላይ ያለውን ካሜራ አሳየቻት።

ሂቦ ካሜራውን አየችው። ከዚያ እጇን ሰድዳ የረቂቅን ክንድ ከብብቷ ስር አድርጋ ጥርቅም አድርጋ ያዘችው። "አንቺ እንዳትነኪኝ ነው እንጂ እኔ እንዳልይዝሽ የተባለ ነገር አለ?"

ረቂቅ ሕጉን በሙሉ በቃሏ ታውቀዋለች። አስታወሰችው። "የለም" አለች።

"ቅዳሜ ጨዋታውን አላይም። እንዳትደውዪልኝ።"

"አልደውልም።"

"ዓርብም እንዳትደውዪ።" ሂቦ ወደ ታች አየች፣ አንዴ ቀኝ እግሯን አንዴ ግራ እግሯን አነሳ አድርጋ መለሰች። "በየቱ ነው የምጀምረው?"

"በታመመው" አለች ረቂቅ። "ደህናው ከላይ ይይዝሻል።"